መቶ አርባ ዓመት ለዴሞክራት ሲመርጥ የኖረውን የኬንታኪ ገጠር ምን ነካው?

ጥያቄውን መወያያ ገጻችን ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሞርሄድ አጠገብ ትራኬን አቁሜ የአሥር ሰዓት ዕረፍቴን እቆጥራለሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ቀን ላይ ከኢንተርስቴት 64 ወርጄ በ32 ቁጥር መንገድ ሳንዲ ሁክ ገብቼ ነበር፤ ለማረሚያ ቤቱ ወጥ ቤት የሚሆን ሎድ ይዤ። መንገዱ 53 ጫማ ተጎታች ለሚጎትት ሰው ስለት የሚያስገባ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን። ሳንዲ ሁክ ከተማ ከተባለች ፍርድ ቤት፣ ማደያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት ሱቅ ናት። የኤሊየት ካውንቲ መቀመጫ እሷ ናት። ካውንቲው ምሥራቅ ኬንታኪ ውስጥ ነው፤ ስፋቱ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ሕዝቡ በ2020 ቆጠራ 7,354። አንድ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሳይት ከዚህ በላይ ሰው ይይዛል።

የጻፍኩት ይህን ነው። ኤሊየት በ1869 ተቋቋመ፣ በ1872 ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት መረጠ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ እስከ 2012 ድረስ 36 የፕሬዚዳንት ምርጫ አለፈ፤ በ36ቱም ካውንቲውን የወሰደው ዴሞክራቱ ነው። በ1928 ኬንታኪ በሙሉ ወደ ሪፐብሊካኑ ሁቨር ስትሄድ፣ ፕሮቴስታንት የሞላበት ይህ ተራራ ለካቶሊኩ አል ስሚዝ ሰጠ። ሪፐብሊካኖቹ ኒክሰን በ1972፣ ሬገን በ1984 ከ50ው ግዛት 49ኙን ጠርገው ሲወስዱ ኤሊየት ወይ ፍንክች። ከዚያ 2016 መጣና ትራምፕ 70 በመቶ አገኘ። ምን ነካቸው ብዬ ጠየቅሁ። ከራሴም ጨምሬ፣ የድንጋይ ከሰል ሥራው ስለሞተ ነው አልኩ። ስለው ደግሞ በሙሉ ልቤ ነበር። ይህ ይያዝልኝ፤ በኋላ ዋጋዬን አግኝቼበታለሁ።

ጠዋት ስነቃ አሥራ ምናምን መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። እስከ ቅዳሜ 31 ደረሰ። የውይይቱ ክር አሁን ስለተዘጋ፣ መሐል ላይ ገብተው ግራ የተጋቡትን ብዙዎች ለመገላገል እንዴት እንደሄደ በቅደም ተከተል ላውራው።

1ኛው መላሽ ለሟቾቹ ሕፃናት ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረ፤ ቦታውን በ2012 በትምህርት ቤቱ ላይ ተኩስ የተከፈተበት ሳንዲ ሁክ አድርጎት ነው። 2ኛው ረጋ ብሎ አረመው፤ ያኛው ኮነቲከት ነው፣ ይህኛው ኬንታኪ፣ ስማቸው ገጠመ እንጂ አይተዋወቁም። 1ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ በጨዋነት የጀመረ ክር ነው እንግዲህ ኋላ ያ ሁሉ የሆነው።

3ኛዋ ገና አሜሪካ የገባች ልጅ ትመስለኛለች፣ ካውንቲ ማለት ወረዳ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የ4ኛው መልስ ደስ አለኝ። በስፋቱና በሕዝቡ ወረዳ በሉት፣ አላችሁ፤ ግን ሸሪፉንም፣ ጸሐፊውንም፣ ግብር ገማቹንም፣ የአስተዳደሩን የበላይም ሕዝቡ ራሱ ነው የሚመርጠው። ኬንታኪ ውስጥ ያ የበላይ ማዕረጉ ዳኛ ይባላል፤ ሥራው ግን ችሎት ሳይሆን መንገድና በጀት ነው። ይህን አንቀጽ አታልፉት፤ የ28ኛዋ ነገር የሚገባችሁ በሱ ነው።

5ኛው መላሽ አንጋፋ ሰው ናቸው፤ አጻጻፋቸው የድሮ አስተማሪ ነው። እኔንም አንቱ ብለው ነው የጻፉልኝ፣ አፈርኩ። ሐሳባቸው ሥሩን ከእርስ በርስ ጦርነቱ እንድፈልግ ነው። ኬንታኪ ከአንድነቱ አልተገነጠለችም፤ ሕዝቧ ግን ተከፋፍሏል። የደቡቡን ወገን የደገፈ ተራራ ከጦርነቱ በኋላ ዴሞክራት ሆነ፣ ሰሜኑን የደገፈ ሪፐብሊካን ሆነ፤ ልጅም ከአባቱ እርሻውንና ፓርቲውን አብሮ ወረሰ። ካውንቲው ስሙን ያገኘው ከጆን ሚልተን ኤሊየት ነው፣ ሰውዬው በደቡቦቹ ኮንግረስ ውስጥ የተቀመጠ ነበር አሉ። 6ኛው ወዲያው ገባ፤ የለም፣ በአባትየው ስም ነው የሚሉም አሉ፣ እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ጋሼም ወዲያው ተቀበሉ፤ መጻሕፍቱ ራሳቸው በሁለቱ መሐል እንደሚዋልሉ ጻፉ። ይህ 7ኛው መልስ ሆነ፤ እግረ መንገዳቸውንም ልጅየው እንዴት እንደሞተ ነገሩን።

እዚህ ላይ ክሩ ለሦስት መልስ ያህል ሰጥሞ ቀረ። ኤሊየት ከጦርነቱ በኋላ የኬንታኪ ይግባኝ ችሎት ዳኛ ሆኖ ነበር። በመጋቢት 1879 ዋና ከተማዋ ፍራንክፈርት ውስጥ ቶማስ ቡፎርድ የተባለ ሰው በጥይት ገደለው፤ ምክንያቱ በመሬት ክርክር ተፈርዶበት ነው። ገዳዩ በኋላ አእምሮው የታወከ ነው ተብሎ ከጥፋተኝነት ዳነ። 8ኛው የመሬት ክርክር የትም አገር ደም እንደሚያፋስስ የአጎቱን ታሪክ ይዞ መጣ። 9ኛው እሱን አስከትሎ የራሱን፣ 10ኛው ደግሞ ስለ ጠበቃ ክፍያ አማረረ። ፕሬዚዳንቱም ምርጫውም ተረሳ። እኔም ማንበቤን አልተውኩም፤ የ8ኛው አጎት ነገር ያልተቋጨ ነበር።

11ኛው መልሶ መስመር አስያዘን። ጋሼ ያሉት እውነት ለመሆኑ ማስረጃው ጃክሰን ካውንቲ ነው አለ። እሱም እዚያው ምሥራቅ ኬንታኪ ነው፣ እሱም ተራራ፣ እሱም ድሃ፣ እሱም ገጠር፣ እሱም ነጭ፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ ግን ዴሞክራት አሸንፎበት አያውቅም። ልዩነቱ የዛሬ 160 ዓመት አያቶቻቸው ከየትኛው ጦር ጋር መሰለፋቸው ብቻ ነው። የአንድ አካባቢ ሁለት ካውንቲ፣ አንድ ዓይነት ማሳ፣ አንድ ዓይነት ችግር፣ ተቃራኒ የምርጫ ወረቀት። እኔ በበኩሌ ከክሩ ውስጥ እንደዚህ ቁልጭ ያለልኝ የለም።

12ኛው ሲገባ የአየሩ ጠባይ ተለወጠ። የባሪያ ፈንጋይ ወገን ዘር ናቸው ካላችሁ ምን ያስጠይቃል፣ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሲያዩ አበዱ፣ አለቀ ደቀቀ የሚል ነው። ጨምሮም፣ አንተም እነሱ ደጅ ሎድ ስትጥል ውለህ ማታ ታሪካቸውን ታሳምርላቸዋለህ ብሎ እኔን ገረፈኝ። 13ኛዋ በቁጥር መለሰችለት። ሕዝቡ ከ95 በመቶ በላይ ነጭ የሆነ ካውንቲ በ2008 ለኦባማ 61 በመቶ ሰጥቷል፤ በ2012ም ጠባብ ቢሆን ኦባማ ነው ያሸነፈው፣ 1,186 ለ1,126። ጥቁር ፕሬዚዳንት ያሳበደው ሕዝብ ይህን አያደርግም የሚል ነው ነገሯ።

የ12ኛውን ሰው አፍ አልወደድኩለትም። 14ኛው ላይ ተመልሶ ያመጣው ግን የሚናቅ አይደለም። በ2004 የዴሞክራቶቹ ዕጩ ነጩ ኬሪ እዚያው ካውንቲ ውስጥ 70 በመቶ ገደማ አግኝቶ ነበር። በ2008 በአገር ደረጃ ዴሞክራቶች ከ2004 ይልቅ ከፍ አሉ፤ ኤሊየት ውስጥ ግን ወረዱ። ያ ልዩነት ከየት መጣ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ 13ኛዋ ትክክል ናት፣ እሱም ትክክል ነው፤ 61 በመቶው ሰውዬውን በቀለሙ አልጠሉትም፤ ከ70ው ወደ 61 ሲወርድ የሸሹት ውስጥ ግን በቀለሙ የሸሸ የለም ማለት አይቻልም። ይህን ስጽፍ ሁለቱም ወገን ተቆጣኝ።

ከዚያ ዋጋዬን ያገኘሁበት መጣ። 15ኛው መላሽ ሴት ናት፤ ሌክሲንግተን ውስጥ በግብርና ሙያ ላይ እንደምትሠራ ከዚህ በፊትም ጽፋ ታውቃለች። የኔን የከሰል ወሬ ገና በመግቢያዋ አፈረሰችው። ከሰል እዚያ ጥቂት ቢኖርም ኤሊየት የከሰል አገር አይደለም፤ የትንባሆ አገር ነው። የከሰሉን ታሪክ ከፈለግህ ወደ ደቡብ ውረድና ኖት ካውንቲን እይ አለችኝ። ኖት በ1884 ከተቋቋመ ጀምሮ እንደ ኤሊየት ሳያቋርጥ ዴሞክራት ነበር፤ የከሰል ሠራተኛ ማኅበሩ ጠንካራ የሆነበት አካባቢ ነው፤ እሱ ግን የተገለበጠው በ2008 ነው። ማለትም ከሰሉ ያለበት ቦታ ስምንት ዓመት ቀድሞ ሄዷል። ከሰሉ ቢሆን ኖሮ ኤሊየት ለምን ቆየ? መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

የትንባሆውን ነገር ስታስረዳ ጊዜ ወስዳ ነው የጻፈችው፤ እኔም ሳሳጥረው ቅር እያለኝ ነው። የነዚያ ተራሮች ገበሬ ሰፊ እርሻ የለውም፤ ተዳፋት ነው፣ ጫካ ነው፣ ለማረሻ የሚመች ጥግ ላይ አንድ ሁለት ኤከር ቢገኝ ነው። በርሊ የሚባለው ትንባሆ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቁራሽ መሬት የተፈጠረ ሰብል ነው፤ ጉልበት ይበላል፣ ግን ከትንሽ መሬት ብዙ ገንዘብ ያወጣል። በፀደይ ችግኝ ይፈላል፣ በነሐሴና በመስከረም በእጅ ይቆረጣል፣ በእንጨት ላይ ተሰክቶ ጎተራ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ከዚያ ቅጠል በቅጠል ተለይቶ ለጨረታ ይወጣ ነበር። ገንዘቡ የሚገባው ገና ሲቃረብ ነበር፤ የልጆች ጫማም የመሬት ግብርም የሱቅ ዱቤም የሚከፈለው በሱ ነበር።

ይህን ገበያ ሕይወት የሰጠው የሩዝቬልት ዘመን ሕግ ነው። በ1930ዎቹ ዋጋው ተንኮታኩቶ ገበሬው ሲራቆት መንግሥት ኮታ አወጣ፤ ማን ምን ያህል እንደሚያመርት ተወሰነ፣ በልዋጩ ዝቅተኛ ዋጋ ተረጋገጠለት። ኮታው ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ነበር፤ አባት ሲሞት ልጅ መሬቱን ሲወርስ ኮታውንም ይወርስ ነበር። እንግዲህ ዴሞክራትነት ከጦርነቱ ዘመን የመጣ ቂም ብቻ አልነበረም ማለቷ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ነበር። በ2004 ኮንግረስ ኮታውን አስቀርቶ ለባለ ኮታዎቹ በድምሩ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈል ወሰነ። የመጨረሻው ክፍያ በ2014 ተጠናቀቀ። በሚቀጥለው የፕሬዚዳንት ምርጫ ኤሊየት ተገለበጠ።

እኔ ይህን ሳነብ በቃ ተገኘ ብዬ ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። 16ኛው አላስደሰተኝም። የቀን መቁጠሪያ ስለገጠመ ብቻ ምክንያት አይሆንም አለ። ኮታው እንዲቀር ከጠየቁት ውስጥ ገበሬዎቹም ነበሩ፣ ሕጉን የፈረመው ቡሽ ቢሆንም የደገፉት ከሁለቱም ፓርቲ ናቸው፤ ለዚህ ተብሎ ዴሞክራት የሚቀጣበት ምክንያት የለም። 15ኛዋ 17ኛውን መልስ ይዛ ስትመለስ ቅጣት ማለቷ እንዳልሆነ አስረዳች፤ ማሰሪያው ተፈታ ነው ያልኩት፣ ገመድ ሲፈታ ከብቱ ያኔውኑ አይሄድም፣ ግጦሽ እያየ ቀስ ይላል አለች። የግብርና ሰው ናት፣ ምሳሌዋም የገበሬ ነው።

18ኛው በጤና መድን መጣ። በኦባማ ሕግ ምክንያት ኬንታኪ ውስጥ በተለይ በምሥራቁ ተራራ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሕክምና ዋስትና አገኘ፤ ያው ሕዝብ በማግሥቱ ዞሮ በሱ ላይ መረጠ፣ ይህ ውለታ ቢስነት ነው ብሎ ተናደደ። ግዛቲቱ አገልግሎቱን በራሷ ስም ነው ያቀረበችው፣ የኦባማ ስም የለበትም ነበር፤ ስለዚህ ውለታው የማን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ ብዬ መለስኩ። ይህ የኔ መልስ 19ኛው ተብሎ ተቆጥሯል። አንድም ሰው አልወደደውም።

20ኛው ትራክ ነጂ ወንድማችን ነው፣ የምዕራብ ቴክሳስን የነዳጅ ሜዳ እንደ ጓሮው የሚያውቅ። ሰባት ሺህ ሰው ያለበትን ቦታ ባዶ ገጠር ማለታችንን ንቆት፣ እውነተኛ ባዶ ማየት የፈለገ ሜንቶን ይሂድ አለ። ሜንቶን የላቪንግ ካውንቲ ብቸኛ መንደር ናት፤ የካውንቲው ስፋት የኤሊየትን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው፣ በ2020 ቆጠራ የተገኘው ነዋሪ ግን 64። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንት የተሰጠው ድምፅ ስንት መሰላችሁ፣ 66። ትራምፕ 60፣ ባይደን 4፣ የሊበርታሪያኗ ጆርገንሰን 2።

ይህን መጻፍ አልነበረበትም። 21ኛው በትልልቅ ፊደል ማለት ቀረው፤ ከነዋሪው የበለጠ መራጭ፣ ያውም ሕፃን ሳይቀነስ፣ ይኸው ማጭበርበር በዓይናችን አየን አለ። 22ኛው ማን ለማን እንዳጭበረበረ ጠየቀው፤ ከ66ቱ 60ውን ያገኘው የሱ ሰው ነውና። ተሰዳደቡ። 23ኛዋ ገብታ ነገሩን አበረደችው። ቆጠራው የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ የምትኖረው የት ነው ብሎ ነው፤ የመራጭነት ምዝገባ ደግሞ ቤቴ ብለህ የምትመለስበትን ቦታ ይመለከታል። እዚያ ከብትና መሬት ያላቸው፣ ሌላ ከተማ ቤት ይዘው ልጅ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ምዝገባቸውን አላነሱም። ማን እውነተኛ ነዋሪ ነው የሚለው ክርክር እዚያው ካውንቲ ውስጥም ያለ ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች የተሰረቀ ምርጫ ነው ብሎ መጮህ ሌላ ነገር ነው። በነገራችን ላይ ብላም አንድ ጉድ ጨመረች፤ ላቪንግ በ1992 ያሸነፈው አባት ቡሽም ቢል ክሊንተንም አይደለም፣ የግል ተወዳዳሪው ሮስ ፔሮ ነው። ከ96 ድምፅ 45ቱን ወሰደ። እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ቤተሰብ ሐሳቡን ከለወጠ የካውንቲው ቀለም ይለወጣል።

24ኛው እኛን ራሳችንን አነሳ፣ እዚያ ላይ ክሩ ሊቃጠል ደረሰ። የኬንታኪን ገበሬ በአንድ ሌሊት ፓርቲ ቀየረ ብላችሁ ስትገረሙ እናንተስ ቨርጂኒያ ላይ ምን አደረጋችሁ ነው ያለው። በ2021 የገዥ ምርጫ ላይ ስንት ዘመን ዴሞክራት ሲመርጡ ከኖሩት የኛ ሰዎች ከፊሉ የባይደን አስተዳደር በአገር ቤቱ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ቅስቀሳ ወጥተዋል፤ ያንግኪንም አሸንፏል። አባባሉ እውነት ነው፤ ሰልፉን ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት መልሶች ግን ስለ ምርጫ አልነበሩም፣ ስለ ጦርነቱ ነበሩ፤ አድሚኑ ሁለቱንም አነሳቸው፣ ቁጥራቸው 25 እና 26 ባዶ ሆኖ ይታያል። 27ኛው የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወደ ኤሊየት ተመለሱ ወይም ክሩን እዘጋለሁ የሚል። ስለ 24ኛው ግን የምለው አለኝ። ጥያቄው ክሩን ቢያበላሸውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ እኛ በአንድ ጉዳይ ምክንያት ስንቀይር ራሳችንን አስተዋይ እንላለን፣ የተራራው ሰው ሲቀይር ምን ነካው እንላለን። ርዕሱን እንደዚያ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

28ኛዋ ነርስ ናት፤ ሞርሄድ ትሠራለች፣ ከኤሊየት የሚመጡ ታካሚዎችን በየቀኑ ታያለች። አዛውንቶቹ ለትራምፕ እንደመረጡ በኩራት ያወራሉ፤ የተመዘገቡት ግን ዴሞክራት ሆነው ነው፣ እስካሁንም አልቀየሩም አለች። ምክንያቱን ስትጠይቅ ፖለቲካ ሳይሆን ሸሪፍ ነው የነገሯት። ኬንታኪ ውስጥ ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። እንደ ኤሊየት ባለ ቦታ ደግሞ ሸሪፉም ጸሐፊውም የሚወሰነው በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ላይ ነበር፤ ኅዳር ላይ ተቃዋሚ እንኳ አይቆምም። ሪፐብሊካን ሆኖ መመዝገብ ማለት የመንደርህን ሸሪፍ ከመምረጥ ራስህን ማስቀረት ማለት ነው። ስለዚህ ዴሞክራት የሚለው ቃል እዚያ ሁለት ፍቺ ነበረው፤ አንዱ ዋሽንግተን ያለው፣ አንዱ መንገዱን የሚያስጠርገው። ለብዙ ዘመን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ተሸክሞት ኖረ።

ምስክሯም ጥሩ ነው። የሳንዲ ሁክ ልጅ የሆነው ሮኪ አድኪንስ ከ1987 ጀምሮ በግዛቲቱ ምክር ቤት ወንበር ነበረው፣ የዴሞክራቶቹም መሪ ሆኖ አገልግሏል። በ2019 ለገዥነት ተወዳድሮ በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ በአንዲ ቢሺር ተሸነፈ። ኅዳር ላይ ቢሺር ከአምስት ሺህ ትንሽ በለጥ ባለ ድምፅ ገዥ ሲሆን ኤሊየት ለቢሺር ነው የመረጠው፤ ለትራምፕ 70 በመቶ ከሰጠ ከሦስት ዓመት በኋላ። 29ኛው ግን ውሃ ቸለሰባት፤ አድኪንስ ወንበሩን ለቆ ወደ ገዥው ቢሮ ሲሄድ በየካቲት 2020 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ወንበሩን ሪፐብሊካን ወሰደው። መንገድ አስጠራጊውም ሄደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ትራምፕ ካውንቲውን 75 በመቶ አድርጎ ደገመው።

እኔም በበኩሌ አርብ ሌሊት ኢንዲያና ላይ ቆሜ ቁጥሮቹን በወረቀት ደመርኩ። በ2012 ኦባማ 1,186 ነበረ፣ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን 740፤ ዴሞክራቱ ያጣው 446 ነው። ሮምኒ 1,126 ነበረ፣ ትራምፕ 2,000፤ ሪፐብሊካኑ ያገኘው 874። ከዴሞክራት የወጣው በሙሉ ወደ ትራምፕ ሄደ ብንል እንኳ ከ400 በላይ ድምፅ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ጠቅላላ የመራጩ ቁጥርም በዚያው ልክ ጨምሯል። ስለዚህ ሁላችንም፣ እኔም 12ኛውም 15ኛዋም፣ ስለ ተገለበጠ ሰው ስንከራከር ነበር፤ ቢያንስ ግማሽ የሚጠጋው ታሪክ ግን በ2012 ቤቱ ተቀምጦ በ2016 ስለተነሳ ሰው ነው። ማን ናቸው? አባታቸው ዴሞክራት ስለነበረ ሪፐብሊካን መምረጥ ያልሆነላቸው፣ ኦባማንም ያልፈለጉና ያኔ የቀሩ ይሆናሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። 36ቱ ምርጫ የተቋረጠው በ2016 ነው ይባል እንጂ፣ 60 ድምፅ ብቻ ሲቀር በ2012 ያለቀ ነገር ነበር። ይህን 30ኛ አድርጌ ለጠፍኩ።

ከሥሩ ጋሼ አንድ መስመር ጨመሩ፤ 7,354 ሲባል የማረሚያ ቤቱ እስረኞችም ተቆጥረው እንደሆነ ልብ በል አሉኝ። እውነትም ቆጠራው እስረኛን የሚቆጥረው በታሰረበት ቦታ ነው፤ ሊትል ሳንዲ ማረሚያ ቤት ከ2005 ጀምሮ እዚያ አለ፤ በከባድ ወንጀል የታሰረ ደግሞ ኬንታኪ ውስጥ አይመርጥም። ሎዴን ያራገፍኩት እነዚያ የሚበሉበት ወጥ ቤት ሆኖ፣ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ።

31ኛው የመጨረሻው ነው፣ ከነርሷ። ምርጫውን ትታዋለች። ሞርሄድ ላይ የሐበሻ ሱቅ እንደሌለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ በኩል የማልፍ ከሆነ ከሉዊቪል ሃያ እንጀራና ግማሽ ኪሎ በርበሬ እንድይዝላት ለመነች፤ ገንዘቡን አስቀድማ ልትልክ። ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ኤግዚት 137 ማደያው ጋ ብዬ መለስኩላት። አድሚኑም ክሩን ዘጋው።